ነፋስ ሲጭን፦ የስድስት ቀን ማስታወሻ ከኮሎራዶ ተራሮች

ረቡዕ፣ ላቭላንድ ፓስ

ጉዞው ገና ከነገ ወዲያ ነው። እኔ ግን ከዛሬ ልጀምር፤ ነገሩ የተጀመረው ቦቴዬ ላይ ነውና።

ሥራዬ የነዳጅ ቦቴ መንዳት ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ተራራውን በአይዘንሃወር ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ እኛን ግን ዋሻው አያስገባንም። ተቀጣጣይ የጫነ ሁሉ ከዋሻው በፊት ይወጣና በአሮጌው መንገድ፣ በላቭላንድ ፓስ በኩል ይዞራል። መተላለፊያው 3,655 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጠመዝማዛ፣ ጠባብ፣ ዳሩ ገደል። ሊማሊሞን በከባድ መኪና የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ በረዶ ጨምሩበት።

ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከእሁድ ወዲህ ጠብ ያለ በረዶ የለም፤ የደመና ዘር አይታይም። ከመንገዱ በላይ ያለው ሸንተረር ግን ያጨሳል። ከጫፉ ላይ ነጭ ነገር እየተግተለተለ ይነሳና ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ይጠፋል። ስድስት ክረምት በዚህ መንገድ ስመላለስ ያን ጭስ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንዴ የጎማ ሰንሰለት ማሰሪያው ቦታ ላይ ቆሜ በስልኬ ቀርጬ ለእናቴ ብልክላት፣ «ምነው ልጄ፣ ተራራው ተቃጠለ እንዴ?» አለችኝ።

ጭሱ የት እንደሚያርፍ ግን ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀኝ ናቲ ነው፣ የእህቴ ልጅ። ሀያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኦሮራ ያደገ። እናቱ ለታላቅ «እርስዎ» ይባላል ብላ አሠልጥናዋለች፤ እሱ በ«እርስዎ» ይጀምርና በ«ህ» ይጨርሳል። «ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጭስ አይተኸዋል?» ይለኛል። ማረም ትቻለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ስኖውቦርድ (የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ) ላይ ያወጣኝ እሱ ነው፣ በአርባ አራት ዓመቴ። መቀመጫዬ እስኪላላጥ ወድቄ ተማርኩ። አሁን ደግሞ ማመላለሻ ወንበር ወደሌለበት ተራራ በእግራችን ወጥተን መውረድ አማረው። የመዝናኛው ተራራ ጠባቂ አለው፤ ሌሊት የተከመረውን በረዶ ጠዋት ሰው ሳይገባ በፈንጂ አራግፈው ነው የሚከፍቱት። ከመዝናኛው ድንበር ገመድ ውጭ ያለውን ማንም አያራግፈውም። እህቴ «አንተ ከሌለህበት አይሄድም» አለች። እኔም «ሳንማር አልሄድም» አልኩ። ስለዚህ ከዓርብ እስከ እሁድ በርተድ ፓስ ላይ የበረዶ ናዳ ትምህርት ልንቀመጥ ነው። መቀመጥ ካለው።

ሐሙስ፣ ኦሮራ

ስንቅ። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያነሳሁት የተራራ ብስኩት ሁሉ የወተት ዱቄት አለበት። በሶ በጠበጥኩ፣ ዳቦ ቆሎና ተምር ቋጠርኩ። የአገሬ መንገደኛ ስንት ተራራ የተሻገረበት ስንቅ ነው፤ በረዶ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም።

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የነገውን ትንበያ ያወጣል። አደጋው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጠዋል። ለዓርብ ዛፍ ከሚያበቃበት ከፍታ በላይ ሦስት፣ ከዚያ በታች ሁለት ይላል። ከቁጥሩ አጠገብ እንደ ተከፈተ አበባ የተሳለ ክብ አለ፤ አደጋው በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ እንዳለ ያሳያል። የምሥራቁ በኩል በሙሉ ተቀልሟል። ምክንያቱ በአጭሩ ተጽፏል፦ በነፋስ የተከመረ በረዶ።

ናቲ «ጋሼ፣ ከአምስት ሦስት እኮ ግማሽ ነው» አለ። እንደ ፈተና ውጤት ቆጥሮት ነው። እኔም ያልተማርኩ ነኝና ዝም አልኩ።

ከኪራይ ቤት ያመጣነውን ዕቃ ወለሉ ላይ ዘረጋን። ቢከን (የተቀበረ ሰው መፈለጊያ ሬዲዮ) ሁለት፣ በረዶ መውጊያ ታጣፊ ዘንግ ሁለት፣ አካፋ ሁለት። የአንዱን ቢከን የባትሪ ክዳን ስንከፍት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ስሙን አልጠራም፤ ግን የምታከራየው የሰው ነፍስ የሚፈልግ ዕቃ ከሆነ ክዳኑን ከፍተህ ማየት ምን ይከብዳል? ሱቁ ሳይዘጋ ሮጠን ቀየርነው።

ዓርብ፣ በርተድ ፓስ

ገና ሳይነጋ ወጣን። ኢምፓየር የምትባለዋን ትንሽ ከተማ አልፈን ቁጥር 40ን መንገድ ይዘን ሽቅብ። ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን በግራ በኩል ከተራራው አናት እስከ አስፋልቱ ዛፍ የሌለበት ሰፊ መስመር አለ። ጫካው እንደ ፀጉር በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ስታንሊ ይሉታል። በጃንዋሪ 2007 በዚህ መስመር የወረደ ናዳ ሁለት መኪናዎችን ከመንገዱ ጠርጎ ጥሏቸዋል፤ ውስጣቸው የነበሩት ስምንት ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ስኪ ለመንሸራተት የመጡ አይደሉም፤ እንደ እኔ መንገደኛ ናቸው። መስመሩን እስክናልፍ ድረስ ነዳጅ ስረግጥ ራሴን ያዝኩት።

የመተላለፊያው ከፍታ 3,446 ሜትር ነው። የአህጉሩ ውኃ የሚከፈልበት ወገብ እዚህ ላይ ስለሆነ፣ በአንድ በኩል የቀለጠው በረዶ ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው የቀለጠው ወደ ፓስፊክ ነው የሚያዘግመው። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነን፤ ሐበሻ እኔና ናቲ ብቻ። አስተማሪያችን ፊቷን ፀሐይና ብርድ ያጠቆሯት፣ ድምፅዋን የማታነሳ ሴት ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሦስትን እንዴት አነበባችሁት?» ነበር። ናቲ እጁን አወጣ። «ግማሽ።»

ሳቀች። ሰው በብዛት የሚሞተው ደረጃው ሦስት በሆነበት ቀን ነው አለች። አራትና አምስት ሲሆን ተራራው ራሱ ያስፈራል፤ ሰው ቤቱ ይውላል። ሦስት ሲሆን ግን ፀሐይ ይወጣል፣ በረዶው ያምራል፣ ጓደኛ ይደውላል። ደግሞ በናዳ ከሚያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ናዳውን የሚቀሰቅሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለ ሰው ነው። እንደ መብረቅ ከሰማይ ዱብ የሚል ዕዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020–21 ክረምት በመላው አሜሪካ 37 ሰው በበረዶ ናዳ ሞቷል፤ 12ቱ እዚሁ ኮሎራዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፍለጋ ተለማመድን። ቢከን ከጃኬት ሥር የሚታጠቁት ትንሽ የሬዲዮ መሣሪያ ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ይሰማል። ስንጓዝ ሁላችንም ላኪ ነን፤ ሰው ሲቀበር የቀረው ወደ ተቀባይ ይቀይርና ርቀቱን የሚያሳየው ቁጥር እያነሰ ወደሚሄድበት ይሄዳል። አስተማሪዋ ቢከን ያለበት ሻንጣ ቀብራ «ጀምር» አለችኝ።

እየሮጥኩ 31፣ 24፣ 12 ደረስኩ። ከዚያ 14። ዞርኩ፣ 9። ደግሞ 15። በፍጥነቴ መሣሪያውን ቀድሜዋለሁ፤ እሱ ሳያነብ እኔ አልፌያለሁ። «ስትቀርብ አዝግም» አለች። ተንበርክኬ በረዶውን እያስነካሁ ብሄድ 2.1፣ 1.4፣ 0.9። እዚያ ዘንጉን ወጋሁ። መሬት ሲነካ ቀው ብሎ ይመልሳል፤ ሻንጣ ሲነካ ሊጥ እንደ መጫን ለስለስ ይላል። ያ ስሜት እጄ ላይ እስካሁን አለ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀሁ፤ ናቲ አራት ሳይሞላ ጨረሰ። ተቀብሮ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የወጣ ሰው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ያህል ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ከሦስቱ አንዱ ቢተርፍ ነው። የእኔ ዘጠኝ ደቂቃ ደግሞ ቁፋሮን አይጨምርም።

ቁፋሮው ነው ጉዱ። ናዳ ሲቆም በረዶው እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ነው። ከላይ ወደ ታች አይቆፈርም፤ ከተቀበረው ሰው በታች በኩል ተጀምሮ ወደ ጎን ነው የሚገባው። አንዱ ሲደክም ሌላው እየተተካ።

አካፋ ከማንሳታችን በፊት ያለችን ነገር ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። ሰው ተቀብሮ እያየህ ወደ እሱ ከመሮጥህ በፊት ቀና በል፤ ያልወረደ የቀረ አለ ወይ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን አስታወስኩ። በመጀመሪያው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተረባረበው ሕዝብ ነው በሁለተኛው የተዋጠው። ከ200 በላይ ሰው። ናዳን «ናዳ» ብለን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ለበረዶው አዲስ ቃል አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ፣ ጉድጓድ

ያደርነው ከመተላለፊያው በስተሰሜን ፍሬዘር የምትባል ከተማ ነው። ብርዷን አላወራም።

ዛሬ ሙሉ ቀን ጉድጓድ ቆፈርን። በአካፋ ደረታችን ድረስ፣ ግድግዳውን እንደ ልስን አለስልሰን፣ ከላይ እስከ መሬት 130 ሳንቲሜትር። ከመንገድ ሆኖ ሲያዩት አንድ ነጭ ነገር ነው፤ ጎኑ ሲቆረጥ ግን ክረምቱ በሙሉ ተደራርቦ ይታያል። ጥንካሬው የሚለካው በእጅ ነው፦ ጡጫ፣ አራት ጣት፣ አንድ ጣት፣ እርሳስ፣ ቢላዋ። የትኛው ድረስ ገፍቶ እንደሚገባ እየሞከርክ ትወርዳለህ።

የላይኛው 35 ሳንቲሜትር አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። ደብዛዛ፣ እፍን ያለ፣ በአካፋ ሲመቱት ድም ድም ይላል። ከዚያ በታች እየላላ ሄዶ መሬቱ አጠገብ ስደርስ ጡጫዬ እስከ ክንዴ ገባ። ዘግኜ ባወጣው ስኳር ነው። ጨብጬ ብጨምቀው አይያያዝም፤ ጓንቴ ላይ ፈስሶ አለቀ። በብርሃን ሲያዩት እያንዳንዱ ቅንጣት ማዕዘን አለው፣ ያብለጨልጫል።

ይህ ስኳር ከሰማይ አልወረደም፤ መሬት ላይ ነው የተሠራው። በጥቅምት የወረደችው የመጀመሪያዋ በረዶ ስስ ናት። ከሥሯ ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከላይዋ ያለው አየር ሌሊት ሌሊት እጅግ ይቀዘቅዛል። በስሱ በረዶ ውስጥ እንፋሎት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ሽቅብ ሲሸሽ ቅንጣቶቹን እየቀረጸ ማዕዘናም ያደርጋቸዋል፤ እርስ በርስ መያያዝ ይተዋሉ። ኮሎራዶ ብርዱ ብዙ፣ የመጀመሪያ በረዶው ጥቂት ስለሆነ ይህ ስኳር በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይጋገራል። ከዚያ ክረምቱ በሙሉ እላዩ ላይ ይጫናል።

የላይኛውን ጠንካራ ንብርብር እዚህ «ስላብ» ይሉታል። እኔ ወዲያው የመጣልኝ «ሶሌታ» ነው። ታላቅ ወንድሜ ግንበኛ ነው፤ ሶሌታ ሲሞላ ከሥሩ የሚቆመውን ድጋፍ እንጨት ልጅ ሆኜ አቀብለው ነበር። ድጋፉ ቀድሞ ከተነሳ ምን እንደሚሆን የደሴ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይኸኛውን ሶሌታ የሚሞላው ነፋስ ነው፣ የሚሞላውም በስኳር ላይ ነው። ለናቲ ይህን ስነግረው «ሶሌታ ምንድን ነው?» አለኝ፤ ኮርኒስ ብዬ ላስረዳው ስል ደግሞ አስተማሪዋ በእንግሊዝኛ «ኮርኒስ» እያለች ወደ ሸንተረሩ ትጠቁማለች። የእነሱ ኮርኒስ ነፋስ ከሸንተረሩ ጫፍ አሳልፎ እንደ ታዛ ያንጠለጠለው በረዶ ነው። ጣሊያን ሁለታችንንም ግራ አጋባን።

የነፋሱ አሠራር እንዲህ ነው። በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ያህል ጀምሮ የሚነፍስ ነፋስ ልል በረዶን ከመሬት ያነሳል። እያንከባለለ ሲወስደው ቅንጣቱ ይሰባበራል፤ ስድስት ጫፍ የነበረው ዱቄት ይሆናል። ሸንተረሩን ተሻግሮ ከነፋስ ወደተከለለው ጎን ሲደርስ ነፋሱ ይደክማል፣ የያዘውን ይጥላል። ዱቄት ከዱቄት ጋር ጥብቅ ብሎ ይከመራል፣ ይያያዛል። በዚህ መንገድ የሚከመረው ከሰማይ ከሚወርደው አሥር እጥፍ ሊፈጥን ይችላል። እዚህ አገር ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ምሥራቁን የሚያይ ጎን ይጫናል።

ስድስት ክረምት ሳደንቀው የኖርኩት ጭስ ይኸው ነው። በረዶ ሳይዘንብ፣ በጠራ ሰማይ፣ ተራራው አንዱን ጎን ገፎ ሌላውን እየጫነ ነበር። እኔ ደግሞ ጭነት ሥራዬ ነው። መንገድ ላይ የሚዛን ጣቢያ ሲያስቆመኝ ጠቅላላ ክብደቱን ብቻ አያዩም፤ በየትኛው አክስል ላይ ስንት እንዳረፈ ይለካሉ። ከልክ ያላለፈ ጭነት አንድ አክስል ላይ ካጋደለ ያስቀጣል። እናም ትንበያው ላይ «አዲስ በረዶ 0 ሳንቲሜትር» የሚለውን አንብቤ ዛሬ ሰላም ነው የምል ሰው ነበርኩ!

በመጨረሻ 30 በ30 ሳንቲሜትር ዓምድ ቆርጠን አካፋ እላዩ ላይ አስተኝተን መታን። አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ አሥር ጊዜ ከክርን፣ አሥር ጊዜ ከትከሻ። አሥራ አራተኛው ላይ፣ ገና ከክርን በአራተኛው ምት፣ ሶሌታው እንደ መሳቢያ ወደ እኔ ወጣ። ተሰባብሮ ቢሆን ባልደነገጥኩ። የወጣው ሙሉውን፣ ልሙጥ ሆኖ ነው።

እሁድ፣ ከሸንተረሩ በታች

ትንበያው አሁንም ሦስት ነው። ጠዋት ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ፤ ነፋሱ በስልክ ሽቦዎች ላይ ያፏጫል። ኪዳን እንኳ አላስቀደስኩም፤ ተሳልሜ የምወጣበት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሰሌዳችንን ለሁለት ከፍለን እንደ ስኪ አደረግነው። ከሥሩ ፀጉራም ጨርቅ ይለጠፋል፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ አይለቅም። በጫካው ውስጥ፣ ገር በሆነ ጀርባ ላይ ተሰልፈን ወጣን። የሶሌታ ናዳ በብዛት የሚነሳው ተዳፋቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነበት ነው፤ ከ30 በታች የሆነ ቦታ፣ ከላዩም ገደላማ ነገር ካልተንጠለጠለበት፣ ማረፊያ ነው። በየመቶ እርምጃው ስልክ ዘንጉ ላይ እያስተኛን ለካን። 18። 22። 21። ዓይኔ ግን 35 ነው ይለኝ ነበር። ዓይን በዳገት ላይ አይታመንም።

ዛፉ እየሳሳ ሲሄድ መሬቱ መናገር ጀመረ። ነፋሱ በሚመታው ጎን ሣርና ድንጋይ ተገልጧል፤ የቀረው በረዶ እንደ ታረሰ ማሳ ተፈልፍሏል። በተከለለው ጎን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለስላሳ፣ ድቡልቡል፣ እጥፋት የሌለው፣ እንደ ተነፋ ትራስ። ሰሌዳ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የሚያምር ነገር የለም። ናቲ ቆሞ አየውና ምራቁን ዋጠ።

ስህተቱን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፣ ትልቁ ሰውዬ። የቀኝ ጫማዬ ማሰሪያ ላላ። ሰልፉን እንዳላቆም ብዬ ከተረገጠው መስመር ወጣ አልኩ፤ አራት እርምጃ። ለመቆም የሚመች ልሙጥ ቦታ አይቼ ነው። ቁመቷ ስድስት ሜትር የማትሞላ ጉብታ፣ ከሥሯ ሜዳ።

ሁለተኛው እርምጃ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ይንኮሻኮሽ የነበረው በረዶ ድም አለ፣ እንደ ከበሮ። ሰማሁት። ሰምቼም ሁለት እርምጃ ጨመርኩ፤ ሰው እንዲህ ነው፣ ማሰሪያዬን እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ከእግሬ ሥር «ውምፍ» የሚል ትንፋሽ ወጣ። ከስኪዬ ጫፍ ቀጭን ስንጥቅ ተነስቶ፣ መስተዋት ላይ እንደሚሮጥ ስንጥቅ፣ ከፊቴ አሥር ሜትር ያህል ሄደ።

«አንተ! ቁም! እንዳትንቀሳቀስ!»

ናቲ ነው። ሰዋስው ሳያሳስት ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ።

የቆምኩበት መሬት ከእነእኔ ተንሸራተተ። ሁለት ሜትር ያህል። ሜዳው ላይ ደርሶ ተጣጥፎ ቆመ፤ ጉልበቴ ድረስ ያዘኝ። ከላይ የተቆረጠበት ግድግዳ እንደ ዳቦ በቢላ የተቀረሰ ነበር፣ 35 ሳንቲሜትር። ትናንት በጉድጓዱ ውስጥ በጣቴ የለካሁት ያው ሶሌታ። ገበታ ገበታ የሚያክል ሆኖ ተሰባብሯል። እግሬን ለማውጣት ሞከርኩ፤ አልወጣም። የተያዝኩት እስከ ጉልበቴ ብቻ ሆኖ እንኳ በአካፋ ቆፍረው አወጡኝ።

አስተማሪዋ አልተቆጣችም። «ምን አይተህ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆጠርኩላት፦ ሸንተረሩ እያጨሰ ነው፣ ጎኑ ምሥራቅ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ድምፁ ተለውጧል። ሁሉንም አይቻለሁ። አንዱም እርምጃዬን አላስቆመኝም። እሷም ወደ ታች ጠቆመች። ከጉብታዋ ሥር ሜዳ ባይሆን ጎድጓዳ ሸለቆ ቢሆን፣ ይህችው ትንሽ ናዳ ተሰብስባ ሰው መቅበር ትችላለች። ጉብታዋ ሙሉ ተዳፋት ብትሆን ደግሞ ስንጥቁ የሚነሳው ከሰውየው በላይ ነው፤ እሱ የሶሌታው መሐል ላይ ቆሞ ነው የሚገኘው፣ ፍጥነቱም በጥቂት ሴኮንድ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ደግሞም ከሚሞቱት ከአራቱ አንዱ ያህል አየር አጥሮት ሳይሆን ከዛፍና ከድንጋይ ተላትሞ ነው፤ ለእሱ ቢከንም አካፋም አይደርስም።

ወደ አናቱ አልወጣንም። በመጣንበት ጫካ፣ በ20 ዲግሪው ተመለስን። አወራረዱ አሰልቺ ነበር፤ ሁለት ቦታ ሰሌዳዬ ቆሞብኝ በእግሬ ገፋሁ። መኪናው ጋ ደርሰን ዳቦ ቆሎ ስንቆረጥም ናቲ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አንተ አልኩህ» አለ። እንዴት አድርጌ ልመልስለት? «ለእናትህ እንዳትነግር» አልኩት። የትኛውን እንዳይነግር እንደሆነ ሁለታችንም አልተስማማንም።

ሰኞ፣ ላቭላንድ ፓስ

ሥራ። ሌሊት ላይ ጥቂት በረዶ ጥሏል፤ ሰንሰለት ማሰር ግዴታ ነው የሚለው መብራት በርቷል። ጣቴ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አሰርኩ።

ከአውራ ጎዳናው ወጥቼ ወደ ፓሱ ስታጠፍ በአቅራቢያው ሺፕ ክሪክ የሚባል ሸለቆ አለ። ስንት ዓመት ሳልፈው ስሙን አላውቅም ነበር። በኤፕሪል 20 ቀን 2013 ስድስት ሰዎች እዚያ ገቡ፤ ስኖውቦርድና ስኪ የያዙ፣ ዕቃው ያላቸው፣ ትንበያውን ያነበቡ። አደገኛውን ተዳፋት ሊወርዱበት እንኳ አልነበረም፤ ከሥሩ ተራርቀው አልፈው ወደተሻለው ጎን ሊሻገሩ ነበር። ከበላያቸው ያለው ለቀቀ፤ ስድስቱንም ያዘ። አምስቱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ በኮሎራዶ እንዲህ ብዙ ሰው የገደለ የበረዶ ናዳ አልነበረም። የእነሱን ሶሌታ እንደ ትናንቷ የእኔ የሰሞኑ ነፋስ ብቻ አልሠራውም፤ የክረምቱ ጥልቅ ስኳር ላይ የተቀመጠ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነበት ቦታ ያለው ነው። አዲስ የነፋስ ክምር ባብዛኛው በጥቂት ቀን ውስጥ ይረጋጋል፤ ሥሩ ስኳር ከሆነ ግን ሳምንታት ይጠብቃል። አስተማሪዋ ቅዳሜ የነገረችንን እዚያ ኩርባ ላይ ነው በደንብ የገባኝ።

ፀሐይዋ ወጣች። ሰማዩ ጠራ። ሸንተረሩ ማጨስ ጀመረ፣ ወደ ምሥራቅ።

ከአናቱ ዝቅ ብሎ ካለው መቆሚያ ላይ አንዲት መኪና አለች። ሁለት ልጆች ከኋላዋ ስኪያቸውን ያወርዳሉ፤ ፊታቸው ወደተጫነው ጎን ነው። ቦቴ እዚያ አይቆምም፤ ከኋላዬ መኪና ተሰልፏል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ በእጄ ወደ ጭሱ ጠቆምኳቸው፣ ደጋግሜ። አንደኛው ሰላም ያልኩት መስሎት ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።